«ዩ አር ዲፊካልት ቱ ክላይም»፦ ከበደኝን በእንግሊዝኛ እንዴት እንበል?

የዘጌ መንገደኛ
ሰላም ቤቶች። ያፈርኩበትን ልንገራችሁና ፍረዱኝ። ሥራዬ እንግዳ ማስጎብኘት ነው። ቅዳሜ ዕለት ባልና ሚስት እንግሊዛውያን ይዤ ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሳን። ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማይገባበት በቀጥታ ወደ ዘጌ፣ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ወሰድኳቸው። ሴትዮዋ ዕድሜያቸው ገፋ ብሏል፣ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ከጀልባ ወርደን የቡናውን ጫካ መንገድ ስንይዝ አሳዘኑኝ። «ዳገቱ ይከብድዎታል፣ ቀስ እንበል» ልላቸው ነበር። ከአፌ የወጣው «ዩ አር ዲፊካልት ቱ ክላይም» ሆነ። ባልየው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። እሳቸውም ሳቁ። እኔም ነገሩ ሳይገባኝ አብሬ ሳቅሁ!

ማታ ለጓደኛዬ ብነግረው «ሴትዮዋን እኮ ተራራ አደረግሃቸው፤ እርስዎን መውጣት ከባድ ነው ነው ያልካቸው» አለኝ። እሺ። ግን «አይ አም ሃንግሪ» ራበኝ ነው። «አይ አም ኮልድ» በረደኝ ነው። «አይ አም ታይርድ» ደከመኝ ነው። ታዲያ ከበደኝ ላይ ሲደርስ ምን ነካው?

ቀይ እስክሪብቶ
ልጄ፣ 30 ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር ይቺን ስህተት ያላሰመርኩበት ዓመት የለም። ምክንያቱን ግን ራስህ ነግረኸናል። ራበኝ፣ በረደኝ፣ ደከመኝ፣ ከበደኝ። አማርኛ አራቱንም በ«ኝ» ይዘጋቸዋል። ሦስቱ በ«አይ አም» ሲተረጎሙ ያየ ተማሪ አራተኛውንም እዚያው ይከታል። ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። እንዲያውም ሥርዓት ገብቶት ነው የሚሳሳት።

አሁን «ይከብደኛል»ን ፈታ አድርገን እንየው። መጀመሪያ ላይ ያለችው «ይ» ነገሩን ትጠቁማለች። መሃል «ከብድ» አለ። መጨረሻ ላይ ያለችው «ኝ» ሰውየው ናት። እንግሊዝኛ እነዚህን ለየብቻ ያቆማቸዋል። «ይ» «ኢት» ትሆናለች፣ «ኝ» ደግሞ «ፎር ሚ»። «ኢት ኢዝ ዲፊካልት ፎር ሚ ቱ ክላይም»። አንዱ ቃላችን ዓረፍተ ነገር ወጣው። ብዙ ሰው «ለ»ን እያሰበ «ዲፊካልት ቱ ሚ» ይላል። እዚህ «ፎር» ነው የሚሻለው።

ዳገቱን ከፊት ማምጣትም ትችላለህ፦ «ዘ ሂል ኢዝ ዲፊካልት ቱ ክላይም»። ያንተም ዓረፍተ ነገር ሰዋስዉ ደህና ነው፤ ዳገቱ መቆም የነበረበት ቦታ ላይ ሴትዮዋን አቆምካቸው እንጂ። ይቺ ነገር የቋንቋ ሊቃውንትንም አነጋግራለች። ኖም ቾምስኪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ነበር፦ «ጆን ኢዝ ኢዚ ቱ ፕሊዝ» እና «ጆን ኢዝ ኢገር ቱ ፕሊዝ»። ሲታዩ መንታ ናቸው። በመጀመሪያው ግን ጆን ተደሳች ነው፤ እሱን ማስደሰት ቀላል ነው። በሁለተኛው አስደሳቹ ራሱ ነው፤ ሰው ለማስደሰት ይጓጓል። ሴትዮዋ የወደቁት የመጀመሪያው ጆን ቦታ ላይ ነው።

መለያ ከፈለግህ ሰውየውን አውጣውና ቃሉን ለነገሩ ስጠው። «ዳገቱ ዲፊካልት ነው» ያስኬዳል። «እንጀራው ሃንግሪ ነው» ካልክ ግን እንጀራው ራበው ማለት ነው። ለነገሩ የሚሆን ቃል ከሆነ «አይ አም» ከማለትህ በፊት ቆም በል። «ነገ ይመችሃል?» ለማለት «አር ዩ ኮንቪኒየንት ቱሞሮ?» የሚሉትም በሽታቸው ይኸው ነው። «ኢዝ ቱሞሮ ኮንቪኒየንት ፎር ዩ?» ነው መባል ያለበት።

ደንገል
ጋሼ፣ መለያዎ «ኮልድ» ላይ ሲደርስ ይሰናከላል። «ዘ ዋተር ኢዝ ኮልድ» ይባላል፤ «አይ አም ኮልድ»ም ይባላል።

ቀይ እስክሪብቶ
ያዝሽኝ። እኛ ውሃውን ቀዝቃዛ ብለን፣ ለራሳችን በረደኝ ብለን በሁለት ቃል ለየን። እንግሊዝኛ በአንዱ ጠቀለላቸው። «ኮልድ»ና «ሆት» እንግዲህ ሁለት ቤት ያላቸው ናቸው፤ በቃል መያዝ ነው። «ዲፊካልት» ግን ሰው ላይ ሲያርፍ ትርጉሙ ይቀየራል። «አይ አም ዲፊካልት» ያለ ሰው አስቸጋሪ ነኝ፣ ከኔ ጋር መኖር ይከብዳል ማለቱ ነው።

ደንገል
እሱን በራሴ ደርሶብኝ አውቀዋለሁ። የድሮ መሥሪያ ቤቴ ለመጣ እንግዳ አለቃችንን ላሞግስ ብዬ «ከባድ ሰው ናቸው»ን «ሂ ኢዝ ኤ ዲፊካልት ማን» አልኩት። እኔ ቁም ነገረኛ፣ የሚከበሩ ለማለት ነበር። ሰውየው ስብሰባውን ሙሉ አለቃችንን እየፈራ ጨረሰው።

ከመጣሁ አይቀር አንድ ብሶት ላውጣ። «አይ ፋይንድ ኢት ዲፊካልት» የሚለውን ቃል በቃል ገልብጠን «አስቸጋሪ ሆኖ አግኝቼዋለሁ» ማለት ጀመርን። ማንን አገኘህ? ምን ጠፍቶብህ ነበር? «ከበደኝ» በቂ ነው። ዜናውም እንደዚሁ ነው። «እምቦጩ ጀልባ መንዳትን አስቸጋሪ አድርጎታል» ይባላል። የጣና ዓሣ አስጋሪ እንዲህ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? «እምቦጩ አላስቀዝፍ አለን» ነው የሚለው። እምቦጩን እንደ ሰው እንቢ ያሰኘዋል።

ቅኔ ቤት
እህቴ፣ ደግ ነገር አነሳሽ። ያችው አነጋገር እኮ እንግሊዝኛም ዘንድ አለች። ሞተሩ አልነሳ አለኝ ስትይ «ዘ ኢንጂን ዎንት ስታርት» ይሉታል። «ዎንት» ማለት እንቢ ማለት ነው፤ ብረቱ ፈቃድ ያለው ይመስል። በሩ አልከፈት አለኝ፣ «ዘ ዶር ዎንት ኦፕን»። እምቦጩ አላስቀዝፍ አለን፣ «ዘ ዊድ ዎንት ሌት አስ ሮው»። «ዲፊካልት»ን መጥራት እንኳ አያስፈልግም። የዘጌው ወንድማችን ሥራው ከሞተርና ከውሃ ጋር ስለሆነ ይቺን በደንብ ይያዛት።

ሌላው «ብ»ና «ል» ነው። ዝናብ ሲመጣ ገበሬው «ዘነበልን» ይላል፤ ባለጀልባው «ዘነበብን» ይላል። ዝናቡ አንድ ነው። የተጠቀመና የተጎዳ በአንድ ፊደል ይለያል። እንግሊዝኛ ግስ ላይ እንዲህ ያለ ቅጥያ የለውም። «ኦን» ግን አንዳንዴ የኛን «ብ» ሥራ ትሠራለች። «ኢት ሬይንድ ኦን አስ»፣ ዘነበብን። ሐይቅ መሃል ሞተር ሲጠፋብህ «ዘ ኢንጂን ዳይድ ኦን ሚ» ትላለህ። ስለዚህ «ሃርድ ፎር» እና «ሃርድ ኦን» አንድ አይደሉም። በ«ፎር» ሥራው ይከብዳል። በ«ኦን» ይጎዳል፣ ወይም ሰው ይጨክናል። «ዶንት ቢ ሃርድ ኦን ሂም» አትጨክንበት ነው።

(በነገራችን ላይ ግዕዙ «ዕፁብ» ከባድ፣ አስጨናቂ ማለት ነው። አማርኛ ውስጥ «ዕፁብ ድንቅ» ብለን ወደ ምስጋና ወሰድነው። «ዲፊካልት»ም የራሱ ጉድ አለበት። መጀመሪያ የገባው «ዲፊካልቲ» ነው፤ ከላቲን። «ዲፊካልት» ኋላ ላይ ከሱ ተቆርጦ ወጣ። ልጅ ቀድሞ አባት ተከተለ በሉት።)

የዘጌ መንገደኛ
ኧረ ተባረኩ! አንድ ቀረችኝ። ዲክሽነሪ «አቃተኝ»ንም «ዲፊካልት» ይለዋል። ልክ ነው?

ቀይ እስክሪብቶ
አይደለም። «ከበደኝ» ስትል ነገሩ ገና አልተቆረጠም። ከብዶህ ልትጨርሰው ትችላለህ። «አቃተኝ» ካልክ አልቋል፣ ተሸንፈሃል። ባልየው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው ብለህ ጽፈህ የለ? እሱ «ሂ ኩድንት» ነው። «በስንት መከራ» ካልክ ደግሞ ተሳክቷል ማለት ነው፤ «ዊዝ ግሬት ዲፊካልቲ» ይሆናል። የጀልባ ማቆሚያውን በስንት መከራ አገኘነው ለማለት «ዊ ሃድ ትራብል ፋይንዲንግ ኢት» ብትልም ያው ነው። ከ«ትራብል» ቀጥሎ ግሱ በ«ኢንግ» ያልቃል፤ «ቱ ፋይንድ» እንዳትለኝ። «ሃርድሊ»ን ደግሞ ከናካቴው ተዋት። የ«ሃርድ» ልጅ ትመስላለች እንጂ ዛሬ ትርጉሟ «እምብዛም» ነው።

ደንገል
ጋሼ፣ በእረፍትዎም አስቸገርንዎ።

ቀይ እስክሪብቶ
እሷንም ተርጉሚልኝ እስቲ። «ዊ አር ዲፊካልት ቱ ዩ» ትያለሽ አሉ!

ደንገል
«ሶሪ ቱ ትራብል ዩ»። ይቺንስ ድሮ በቀይ እስክሪብቶ አርመውኛል መሰለኝ።

የዘጌ መንገደኛ
ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሌላ እንግዳ አለኝ። እሳቸውም አዛውንት ናቸው። «ዚስ ፓዝ ኢዝ ሃርድ ኦን ዘ ኒስ» ልላቸው ነው፤ መንገዱ ጉልበት ይጎዳል ለማለት። ያስኬዳል?

ቀይ እስክሪብቶ
ያስኬዳል። ምርኩዝም ያዝላቸው።