«ብላክ ባርት» (1948 እ.ኤ.አ.)፦ የቱ እውነት፣ የቱ ፈጠራ?

ጀማሪ ተመልካች፦
ተዋናዩ ዳን ዱርዬ የተወነበትን «ብላክ ባርት» የተባለ ፊልም የምታውቁ ሁለት ነገር አስረዱኝ። ሽፍታው ከዳንሰኛዋ ሎላ ሞንቴዝ ጋር የያዘው ፍቅር በእውን የነበረ ነው? ደግሞ ምስሉ ወደ ጎን ተለጥጦ ሰዉ ሁሉ ድንክ ይመስላል፤ በየፊቱ ዙሪያም ቀይና አረንጓዴ ጠርዝ ይታያል። ችግሩ የቴሌቪዥኑ ነው ወይስ የፊልሙ?

የድሮ ሲኒማ፦
ፍቅሩ ፈጠራ ነው። ሎላ ኒው ዮርክ ውስጥ የሞተችው በ1861 እ.ኤ.አ. ነው፤ ባርት የመጀመሪያውን ሰረገላ ያስቆመው ደግሞ በጁላይ 1875። ሎላን ሆና የተወነችው ኢቮን ደ ካርሎ የቱንም ያህል ብታምር የአሥራ አራት ዓመቱን ክፍተት አትሞላም። ፈረሱም እንዲሁ ነው፤ ሽፍታ ሲባል ፈረስ ይታሰበናል እንጂ እውነተኛው ብላክ ባርት፣ በትክክለኛ ስሙ ቻርልስ ቦልስ፣ እግረኛ ነበር። ፊቱን የሚሸፍነው ዓይኑ ላይ በተቀደደ የዱቄት ከረጢት ነው። 28 ጊዜ ሲዘርፍ አንድ ጥይት አልተኮሰም።

ዳገት፦
ዘዴው ላይ ልጨምር። የሚጠብቀው ዳገት ላይ ነው፤ እዚያ ፈረሶቹ ደክመው በእርምጃ ስለሚሄዱ ነጂው ገርፎ ማምለጥ አይችልም። ያስያዘው የሳጥኑ ብሎን ነው ማለት ይቻላል። ኖቬምበር 3 ቀን 1883፣ መጀመሪያ በዘረፈበት በዚያው ፈንክ ሂል፣ የገንዘብ አጓጓዡ ኩባንያ የዌልስ ፋርጎ ሳጥን ከሰረገላው ወለል ጋር በብሎን ታስሮ ነበር። ነጂው ፈረሶቹን ፈቶ እንዲሄድ አዘዘውና ሳጥኑን ሲሰብር ጊዜ ፈጀ፤ ነጂው ጠመንጃ ከያዘ ወጣት ጋር ተመልሶ መጣ። ባርት እጁን ቆስሎ ሲሸሽ መሀረብ ጣለ። «ኤፍ ኤክስ ኦ 7» የሚል የልብስ አጣቢ ምልክት ነበረበት፤ መርማሪው ሃሪ ሞርስ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ያሉትን ላውንደሪዎች እየዞረ ሲጠይቅ ባለቤቱ ተገኘ። ስድስት ዓመት ተፈረደበት፤ በጃንዋሪ 1888 ከሳን ኩዌንቲን እስር ቤት ወጣ። ለእኔ ከፍቅሩ ይልቅ ፊልም የሚወጣው መሀረቡ ነው።

ሦስት ኔጋቲቭ፦
መለጠጡ የቴሌቪዥኑ ቅንብር ነው። በ1948 ሰፊ ስክሪን ገና አልመጣም፤ የፊልሙ ስፋት ለቁመቱ 1.37 ለ1 ነው። ቴሌቪዥኑን 4፡3 ላይ ያድርጉት፣ በግራና በቀኝ ጥቁር ይቀራል። ፋይሉ ራሱ ተለጥጦ ከተቀዳ በቪኤልሲ ማጫወቻ ምጥጥኑን ወደ 4፡3 ይለውጡ።

ጠርዙ ግን ከፊልሙ ነው። የያኔው የቴክኒከለር (የቀለም ፊልም ስልት) ካሜራ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊውን ለየብቻ በሦስት ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ ይቀዳ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ሦስቱ እኩል ስለማይሸበሸቡ እንደገና ሲደራረቡ አይገጥሙም። ምስሉን አቁመው መሃሉንና ማዕዘኑን ያወዳድሩ፤ ማዕዘኑ ላይ ከባሰ ምክንያቱ ይኸው ነው። የቴሌቪዥኑን የ«ሻርፕነስ» (የምስል ጠርዝ ማጉያ) ቅንብር ዝቅ ያድርጉ፣ ከፍ ካለ ጠርዙ ይጎላል። ቀለሙን ግን አይቀንሱ። ገደሉ ደም የመሰለው ቅጂው ተበላሽቶ ሳይሆን፣ የካሊፎርኒያው ታሪክ ዩታ ውስጥ፣ ገደሉ ቀይ በሆነው ካናብ ላይ ስለተቀረጸ ነው።