ዳሌና ጉልበት ከተቀየረ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ተመልሰው የሚተኙ ታካሚዎች፦ ጣጣው ከቤት ነው ከሆስፒታል?

ኦርቶ_ዋርድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዳሌ ወይም ጉልበት በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ተቀይሮላቸው ከወጡ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ተመልሰው የተኙትን ካርድ እያገላበጥን ነው። ምክንያት ተብሎ የተጻፈው የቁስል ኢንፌክሽን፣ የደም መርጋት፣ የዳሌ ውልቃት፣ መውደቅ ነው። ታካሚው ብቻውን ይኑር፣ መድኃኒቱን ይግዛ አይግዛ የሚናገር ካርድ የለም። የቤቱንና የሆስፒታሉን ጣጣ ለይቶ ለመያዝ ከየት ይጀመራል?

ባለ_ፊዚዮ፦
ከቀዶ ጥገናው በፊት። ራፕት የሚባለው መጠይቅ ስድስት ነገር ይጠይቃል፦ ዕድሜ፣ ፆታ፣ የሚራመዱት ርቀት፣ ምርኩዝ ወይም ዎከር፣ ከውጭ የሚመጣ የቤት ድጋፍ፣ ከወጡ በኋላ የሚያስታምም ሰው። ከ12 ነው የሚታሰበው። ከ9 በላይ ያገኘ በቀጥታ ወደ ቤት መሄድ ይችላል፤ ከ6 በታች የሆነ ረዘም ያለ የማገገሚያ ሕክምና ይፈልጋል። ብቻውን 3 ነጥብ የሚይዘው አስታማሚው ነው፣ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል።

ታዲያ «አስታማሚ አለ» የሚል መልስ አይብቃችሁ። ማን ነው? ሌሊት ሽንት ቤት ማን ያደርሳቸዋል? ሰውየው ቀን ሥራ ላይ ከሆነ ነጥቡ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ከመውጣታቸው በፊት አስታማሚውን አስጠርታችሁ ከአልጋ ማንሳቱንና ደረጃ ማስወጣቱን እናንተ ፊት ያሳይ።

አጥንት_ሐኪም፦
ሁሉንም በቤት ላይ አታሳብቡ። የሦስት ወሩ ስኳር (HbA1c) ከ8 በመቶ በላይ ሆኖ ቀጠሮ የማይተላለፍለት፣ ሄሞግሎቢኑ (የደም ማነስ መለኪያው) ከ13 በታች ሆኖ መንስኤው ሳይጣራ የሚገባ ታካሚ የሆስፒታሉ ጉድለት ነው። ኢንፌክሽን የሚከላከለው አንቲባዮቲክ ሴፋዞሊን ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባሉት 60 ደቂቃዎች ውስጥ ይሰጣል፦ 2 ግራም፣ ክብደቱ 120 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነ 3 ግራም።

ሲወጡ ደግሞ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው የመድኃኒት ዝርዝር ነው፦ የድሮው የደም ግፊት ኪኒንና የሚያሸናው መድኃኒት እንዳለ ይመለሳል፣ ላዩ ላይ የሕመም ማስታገሻው አይቡፕሮፌን ይጨመራል፣ ታካሚው በደንብ አይጠጣም፤ ኩላሊት ይጎዳል፣ ግፊት ይወርዳል፣ ይወድቃል። ሁለተኛው ቁስል ነው። ከአምስተኛው ቀን በኋላም ፋሻው የሚረጥብ ከሆነ በስልክ አንቲባዮቲክ አይታዘዝም፤ ኪኒኑ ምልክቱን ይሸፍነዋል እንጂ ከመገጣጠሚያው አያጠፋውም። ቀዶ ሐኪሙ በዓይኑ ይይ።

ኦርቶ_ዋርድ፦
የደም መርጋቱስ? ከየትኛው ወገን ይቆጠር?

አጥንት_ሐኪም፦
ብዙ ጊዜ ከሁለቱም። ለዳሌ የደም ማቅጠኛው መድኃኒት እስከ 35 ቀን ይታዘዛል። ለ10 ቀን የሚበቃውን ገዝቶ ያቆመ ሰው ካርዱ ላይ «የደም መርጋት» ተብሎ ብቻ ይጻፋል። ሙሉውን ይዞ ይውጣ፤ ካልቻለ ሳይወጣ ይታወቅ።

ቁጥር_ቆጣሪ፦
አሜሪካ ከ2015 የበጀት ዓመት ጀምሮ እንዲህ በ30 ቀን ውስጥ የሚመለሱ ታካሚዎች ከበዙ ከሆስፒታሉ ክፍያ ትቀንሳለች፤ ጣሪያው 3 በመቶ ነው። ድሃ ታካሚ የሚበዛባቸው ሆስፒታሎች ያለጥፋታቸው ይቀጣሉ የሚል ክርክር በርትቶ፣ ከ2019 ወዲህ ሆስፒታል የሚነጻጸረው ተመሳሳይ የድሃ ታካሚ ድርሻ ካላቸው ጋር ነው። እናንተም ስታወዳድሩ ይህን አትርሱ። ወደ ማገገሚያ ተቋም የተላኩት በብዛት ይመለሳሉ፤ ግን መጀመሪያም የደከመው ነው የሚላከው፣ ስለዚህ ተቋሙን ለመውቀስ አትቸኩሉ።

ሌላ ሆስፒታል የተኛም ከቁጥራችሁ ያመልጣል፤ በ30ኛው ቀን ደውሉ። ዋናው ስልክ ግን በ48 እና 72 ሰዓት መካከል ያለው ነው፦ ፋሻው ረጥቧል? ባትዎ አብጧል? ሰገራ ከወጣ ስንት ቀን ሆነ? ማቅጠኛው ስንት ፍሬ ቀረ? «ደህና ነዎት?» ብቻ ከተባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ይዘጉታል።