«ምልሰት ማለት… ሲሆን ነው»? የትረካ ዘዴን በአንድ መስመር መፍታት

ጥያቄ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በጋራ በምናዘጋጀው የትረካ ዘዴዎች መዝገብ ውስጥ «ምልሰት» የሚለውን የመፍታት ተራ ደረሰኝ። የተፈቀደልኝ አንድ መስመር ብቻ ነው። «ምልሰት ማለት ታሪኩ ወደ ኋላ ሲመለስ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ሰዎች ተራ በተራ አጠፉብኝ። ሦስተኛው መጥቶ «ገጸ ባሕርይው ያለፈውን ሲያስታውስ» ብሎ ተካው። እሱም ልክ አልመሰለኝም፤ ግን ለምን እንደሆነ ማስረዳት አቃተኝ። «ንግር»፣ «አሳሳች ፍንጭ» እና «የቼኾቭ ጠመንጃ» ደግሞ ተራ እየጠበቁኝ ነው። እስኪ አግዙኝ።

መልስ፦

ወንድሜ፣ ሁለቱም ፍቺዎች ችግር አለባቸው፤ ችግራቸው ግን የተለያየ ነው።

ከአንተው ልጀምር። ስናወራ «እንዲህ ማለት እንዲህ ሲሆን ነው» እንላለን፤ ማንም አይቆጣንም። በመዝገብ ላይ ግን «ሲሆን» የሚነግረን መቼ እንደሆነ ነው። ምን እንደሆነ አይነግረንም። «ምልሰት» ስም ነው። ስምን በስም ፍታው።

አማርኛ እዚህ ላይ ውለታ ይውልልናል። ገላጩን አስቀድመን ተገላጩን መጨረሻ ላይ ነው የምናስቀምጠው። ስለዚህ በአንድ መስመር ፍቺ ውስጥ ሸክሙ ሁሉ የሚያርፈው በመጨረሻዋ ስም ላይ ነው። እኔ ፍቺ ስጽፍ ከኋላ ነው የምጀምረው። ምልሰት ምንድን ነው? ትዝታ ነው? ትዕይንት ነው? ዘዴ ነው? ይህን ሳልወስን አንዲት ቃል አልጽፍም። የምናያቸው ብዙዎቹ የተንዛዙ ፍቺዎች መጨረሻቸው «ነገር» ወይም «ሁኔታ» ነው። ጸሐፊው አልወሰነም ማለት ነው።

አሁን ወደ «ሲያስታውስ» እንምጣ። አንድ ፍቺ ሲቀርብልኝ ሁለት ነገር እጠይቀዋለሁ፦ ያልተጠራ ማን ገባ? የተጠራ ማን ውጭ ቀረ?

ሁለት ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያወራሉ እንበል። አንዱ «ልጅ ሳለሁ ጉድጓድ ውስጥ ወድቄ ነበር» ይላል። አስታውሷል። ታሪኩ ግን የትም አልሄደም፤ ሰዎቹ አሁንም አግዳሚው ላይ ናቸው። ይሄ ተራ ንግግር ነው፤ ፍቺው ግን አስገባው። በሌላ በኩል ተራኪው ድንገት ትረካውን ገታ ያደርግና ዋናው ገጸ ባሕርይ ከመወለዱ ከሠላሳ ዓመት በፊት ወደተፈጸመ ጠብ ይወስደናል። እዚህ ማንም ምንም አላስታወሰም። ይሄ ግን የለየለት ምልሰት ነው፤ ፍቺው ውጭ አስቀረው። በሁለት በኩል የሚያፈስ ፍቺ በአንድ መስመር መጻፍም ችሎታ ይጠይቃል።

የእኔ ሙከራ ይኸውላችሁ፦ «የታሪኩን የጊዜ ፍሰት አቋርጦ ቀደም ብሎ የተፈጸመን ድርጊት በትዕይንት የሚያቀርብ የአተራረክ ዘዴ»።

«በትዕይንት» የምትለዋን ብታወጣት አግዳሚው ላይ ያሉት ሰዎች ተመልሰው ይገባሉ። «አቋርጦ»ን ብታወጣ ደግሞ ከልጅነት ጀምሮ በቅደም ተከተል የሚሄድ ታሪክ ሁሉ ምልሰት ሊባል ነው። «የአተራረክ» ግን ያለችው ለጌጥ ነው ብላችሁ ብትሟገቱኝ እጄን እሰጣለሁ፤ መዝገቡ ራሱ የአተራረክ ነው።

ወደ «ንግር» እንለፍ። እዚህ ወጥመዱ የቃሉ ሥር ነው። «ነገረ» ከሚለው ስለመጣ ሰው ሁሉ «በኋላ የሚሆነውን አስቀድሞ የሚናገር» ብሎ ይጀምራል። አንዳንዴ ሥር ይረዳል። «መቼት» ከ«መቼ» እና ከ«የት» ነው የተሠራው፤ ሥሩን የፈታ ቃሉን ፈታ ማለት ይቻላል። ንግር ግን እንዲህ አይደለም። ተራኪው «በሦስተኛው ቀን እንደሚሞት አላወቀም» ካለ ነገሩን አፍረጠረጠው፤ የቀረ ፍንጭ የለም። በሩ ላይ ተሰቅሎ የኖረው ኮት ገጽ ሃያ ላይ ሚስማሩ ተነቅሎ ቢወድቅና የኮቱ ባለቤት ገጽ ሁለት መቶ ላይ ቢሞት ግን ንግር ነው። ስለዚህ «የሚናገር»ን በ«የሚጠቁም» ተካት፦ «በኋላ የሚመጣን ድርጊት ሳይገልጥ አስቀድሞ የሚጠቁም ፍንጭ»። ዋናው ለውጥ አንዲት ግስ ናት።

«አሳሳች ፍንጭ»ን በተመለከተ ረቂቁን አይቼዋለሁ፦ «አንባቢን ለማሳሳት የሚቀመጥ ፍንጭ»። ይሄ ርእሱን ገልብጦ ማንበብ ነው። ርእሱ ውስጥ ያለ ቃል ፍቺው ውስጥ ከተደገመ አንባቢው ከመጣበት አልተንቀሳቀሰም። እንግሊዝኛው «ቀይ ሄሪንግ» ነው የሚለው። ሄሪንግ ዓሣ ነው፤ በጢስ ሲደርቅ ይቀላል፤ ሽታውም ከባድ ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ዊልያም ኮቤት እ.ኤ.አ. በ1807 በዚህ ዓሣ አዳኝ ውሾችን ከጥንቸል ዱካ እንዳሳታቸው ጽፎ ነበር። ዓሣውን በቀጥታ መተርጎም አይጠቅመንም፤ ዱካውን ግን እንውሰደው፦ «ወደ እውነቱ የሚያደርስ መስሎ አንባቢን ሆን ተብሎ ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚወስድ ዱካ»። «ሆን ተብሎ» ይቆይ። ደራሲው ጀምሮ የረሳው ክር ዱካ ሊባል አይገባውም።

ሌላ አባል፦

እኔ ያጋጠመኝ «ዴውስ ኤክስ ማኪና» ነው። «ዱብ ዕዳ» ብዬ ልተረጉመው አስቤ ነበር፤ ድንገት ከላይ የሚወርድ ነገር ስለሆነ። ፍቺውን ደግሞ «ደካማ ደራሲ ታሪኩን ለመቋጨት የሚጠቀምበት ያልተጠበቀ መፍትሔ» አልኩት። እንዴት ነው?

መልስ፦

«ዱብ ዕዳ» ላይ አልስማማም፣ እህቴ። ስሙ ራሱ ዕዳ ነው፤ ሳይታሰብ የሚወርድ መከራ። ያኛው ግን የሚወርደው ሊያድን ነው። «ከሰማይ ዱብ ያለ መፍትሔ» ይሻላል፤ ትንሽ ቢረዝምም።

በነገራችን ላይ ዴውስ ኤክስ ማኪና በጥንት ግሪኮች ዘንድ በእውነትም ከላይ ነበር የሚወርደው። በጥንታዊው የግሪክ ቴአትር አማልክትን የሚጫወተውን ተዋናይ መድረኩ ላይ የሚያወርድ ማንሻ ነበር፤ ስሙ ሜካኔ። የላቲኑ ስም «ከማሽን የመጣ አምላክ» እንደማለት ነው። አርስቶትልም የታሪክ መቋጫ ከራሱ ከታሪኩ መምጣት እንዳለበት፣ ከማንሻው መምጣት እንደሌለበት ጽፏል።

«ደካማ ደራሲ» የሚለውን ግን አውጪው። ይሄ ፍርድ ነው። አስቂኝ ቴአትር ውስጥ ሆን ብሎ፣ ተመልካቹን ለማሳቅ የሚያደርገው ደራሲ ሞልቷል። እሱ ደካማ ስላልሆነ ዘዴው ሌላ ስም ሊያገኝ ነው? «ያልተጠበቀ» ብቻውንም አይበቃም። ጥሩ መጨረሻ ሁሉ ያልተጠበቀ ነው። ልዩነቱ መሠረት ማጣቱ ላይ ነው፦ «መውጫ የጠፋለትን ችግር፣ በታሪኩ ውስጥ መሠረት ሳይጣልለት፣ ድንገት መጥቶ የሚፈታ ኃይል ወይም አጋጣሚ»።

ሌላ አባል፦

አንባቢው ጉድለት መሆኑን ካላወቀ ግን ፍቺው ምን ጠቀመው?

መልስ፦

«መሠረት ሳይጣልለት» የሚለው ነግሮታል። ይበቃል አይበቃም ብሎ የሚፈርደው እሱ ነው። ትችቱ ከፍቺው ሥር ባለው አንቀጽ ይግባ፤ እዚያ ቦታ አለ።

ጠያቂው፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። «ምልሰት»ን አስገብቻለሁ። አሁን የቼኾቭን ሞከርኩት፦ «መጀመሪያ ላይ እንደ ዋዛ ታይቶ ኋላ የታሪኩን ዕጣ የሚወስን ጠመንጃ»።

መልስ፦

በጣም ተሻሽለሃል። መጨረሻዋ ላይ ግን እንደገና እንቆም። ጠመንጃ የግድ ነው? ደብዳቤ ቢሆንስ? ቁልፍ ቢሆንስ? መጀመሪያ ላይ ለጨዋታ ያህል የተጠቀሰ የመዋኘት ችሎታ ቢሆንስ? ስሙ ላይ ያለው ጠመንጃ ምሳሌ ነው።

ሌላም አለ። ሩሲያዊው ደራሲ ቼኾቭ እ.ኤ.አ. በ1889 በጻፈው ደብዳቤ ላይ ያለው የማይተኮስበት ከሆነ የተቀባበለ ጠመንጃ መድረክ ላይ አታስቀምጥ ነው። ይሄ ምክር ነው። ዛሬ ሰው «የቼኾቭ ጠመንጃ አየሁ» ሲል ግን ዕቃውን ማለቱ ነው። ስለዚህ ምረጥ። መርሁን ከፈታህ መስመሩ በ«መርህ» ያልቃል፦ «ትኩረት የተሰጠው ነገር ሁሉ በታሪኩ ውስጥ ሥራ ሊኖረው ይገባል የሚል መርህ»። ዕቃውን ከፈታህ በ«ዝርዝር» ያልቃል። ሁለቱን በአንድ መስመር ለማስታረቅ አትሞክር፤ ሞክሬው መስመሩ ሦስት መስመር ሆኖብኛል።

ከንግር ጋር እንዳይምታታብህም ተጠንቀቅ። የወደቀው ኮት ሰውየውን አልገደለውም፤ ጠቁሞ አበቃ። ጠመንጃው ግን ራሱ ይተኩሳል።

ጠያቂው፦

እንግዲያው ዕቃውን መርጫለሁ፦ «መጀመሪያ ላይ እንደ ዋዛ ታይቶ ኋላ በራሱ የታሪኩን አቅጣጫ የሚቀይር ዝርዝር»። መርሁን ከሥር አንቀጹ ውስጥ አስገባሁት።

ካስገባሁት ሁለት ሰዓት ሆነው። እስካሁን ማንም አላጠፋውም። አንድ ሰው ብቻ መጥቶ መጨረሻው ላይ የነበረውን አራት ነጥብ አንስቶብኛል።

መልስ፦

ልክ ነው። ዓረፍተ ነገር አይደለማ።