አድማሱ ላይ ያረፈው ዓይን "ሰማይ" ተብሎ እየተቆጠረ ተቸግሬያለሁ፤ መላ በሉኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰዎች የመልክዓ ምድር ፎቶ ሲያዩ ዓይናቸው የቱ ላይ እንደሚቆይ እያጠናሁ ነው። የዓይን መከታተያው በሴኮንድ 60 ጊዜ ይመዘግባል፤ ተመልካቹ ከስክሪኑ 60 ሴንቲሜትር ይርቃል፤ ካሊብሬሽኑ (መሣሪያውን ከተመልካቹ ዓይን ጋር ማስማማቱ) በ9 ነጥብ ነው። የዓይን ፍጥነት በሴኮንድ ከ30 ዲግሪ ሲያንስ "ዓይኑ አርፏል" ብዬ እይዛለሁ፤ ከ60 ሚሊሴኮንድ ያጠረውን እጥላለሁ። ፎቶውን ሰማይ፣ ተራራ፣ ዛፍ፣ ውሃ ብሎ የሚከፋፍለው የሴግመንቴሽን ሞዴል ነው።

ችግሩ ድንበሩ ላይ ነው። በዚህ ርቀት የ1 ዲግሪ ስህተት 1 ሴንቲሜትር ገደማ፣ በእኔ ስክሪን 36 ፒክስል ይሆናል። የተራራውን ጫፍ ያየ ዓይን 20 ፒክስል ከፍ ብሎ ከተመዘገበ ለሰማይ ይቆጠራል። ሰውየው ወንበሩ ላይ ዝቅ እያለ ሲሄድ ደግሞ ስህተቱ ይብሳል፤ በየ10 ፎቶው መሃል የማሳየው የመፈተሻ ነጥብ ይህንን በግልጽ ያሳያል። ሞዴሉም ፎቶውን ወደ 512 ፒክስል ስለሚያሳንሰው የብቸኛ ዛፍ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ሰማይ ውስጥ ይጠፋሉ። ይህ ነው በጣም ያሳሰበኝ፤ ሰው አጥብቆ የሚያየው እነሱን ነውና።

እያንዳንዱን እይታ በ1 ዲግሪ ጋውሲያን (መሃሉ ላይ ከብዶ ወደ ዳር እየሳሳ በሚሄድ የደወል ቅርጽ) አሰራጭቼ ለክፍሎቹ በድርሻ ላካፍለው፣ ወይስ ከድንበሩ 36 ፒክስል ውስጥ ያለውን ለብቻው ላውጣ? ሁለተኛው ብዙ ዳታ ይበላል። በመፈተሻ ነጥቡ ስህተት ልክ ከፍታውን ባርምስ፣ የስክሪኑን ጠርዝ አያዛባብኝም?

ሌላም አለ፦ በዚህ ዳታ የማሰለጥነው ራንደም ፎረስት (ብዙ የውሳኔ ዛፎችን አጣምሮ የሚተነብይ ሞዴል) አለ፤ ዳታውን ለማሰልጠኛና ለመፈተኛ በእይታ ነጥብ ስከፍለው ውጤቱ ያምራል፣ በፎቶ ስከፍለው ይወርዳል። በተመልካችም በፎቶም አንድ ላይ የከፈላችሁ እንዴት አደረጋችሁት?