እርዱኝ! የክራፖን ፍርድ ትንታኔ ነገ ጠዋት ይገባል

ትዕግሥት ያጣች፦
ሰላም ለሁላችሁ። ነገ ጠዋት የማስረክበው ኮሜንቴር ዳሬ (በፈረንሳይ ስልት የሚጻፍ የፍርድ ትንታኔ) አለኝ። መምህሯ ረቂቄን መልሳልኛለች። ከላይ በቀይ «ፕላኑ (የጽሑፉ አከፋፈል) የት አለ?» ብላ ጽፋለች፤ ሌላ ምንም የለም። ፍርዱ የክራፖን ቦይ ነው፤ ፈረንሳይ ውስጥ ስላለ የመስኖ ቦይ ውል የተሰጠ። ፍሬ ነገሩን፣ የዳኞቹን ምክንያት፣ ተመሳሳይ ፍርዶችን ሁሉ አስገብቻለሁ። ምን ጎደለኝ? በፈጣሪ ቶሎ በሉ!

ጠበቃው፦
የት አገር ነው የምትማሪው እህቴ? ስንተኛ ዓመት?

ትዕግሥት ያጣች፦
እንግሊዝ ነው፣ ሕግ ከፈረንሳይኛ ጋር። 4 ዓመት ነው፤ ሦስተኛውን ፈረንሳይ እየተማርኩ ነው።

የሞንክተኑ፦
ኮመን ሎው (በዳኞች ፍርድ ላይ የቆመውን የእንግሊዞቹን ሕግ) በፈረንሳይኛ ከፈለግሽ ካናዳ ነበር የሚሻልሽ። ሞንክተን ዩኒቨርሲቲ ከ1978 ጀምሮ ኮመን ሎውን ራሱን በፈረንሳይኛ ያስተምራል። ሁለት ሕግ ባንድ ራስ ለምን ትሸከሚያለሽ?

ትዕግሥት ያጣች፦
ወንድሜ፣ እሱን ሌላ ቀን እንከራከር። ነገ ጠዋት እኮ ነው!

ጋሽ ዳኛ፦
ልጄ፣ ሁለቱን ማወቅሽ ትልቅ ነገር ነው። የእኛን የኢትዮጵያን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ የጻፉትም በፈረንሳይኛ ነው። አንቀጽ 1764ን አንብቢ። ግዴታው ከታሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ ይጸናል ይላል። ከክራፖን ጋር አንድ ሐሳብ ነው። እንግሊዞች ደግሞ በ1863 በቴይለርና ካልድዌል ጉዳይ የተከራዩት የሙዚቃ አዳራሽ ሲቃጠል ሁለቱንም ወገኖች ከግዴታ ነፃ አወጡ። ይኼን ማነጻጸር ያስደስታል።

ጠበቃው፦
ጋሼ፣ ልጅቷ ሌሊቱ እየነጋባት ነው። ችግሩ ፕላን ነው። ሁለት ክፍል፣ እያንዳንዱ ሁለት ንዑስ ክፍል።

ከሊዮን፦
ቡና አፍልተሽ ተቀመጪ እታለም። ተመሳሳይ ፍርዶች መደርደሩን ተዪው፤ እሱ የእንግሊዝ ልማድ ነው። እዚህ የሚነሣው ከአንቀጽ ነው። መግቢያሽ ላይ ባጭሩ፦ የ1560 እና የ1567 ውሎች፣ ለመስኖው ውሃ የተቆረጠው 3 ሶል (የድሮ የፈረንሳይ ሳንቲም)፣ የኤክስ ፍርድ ቤት ክፍያውን ከፍ ማድረጉ፣ ሰበር ማርች 6 ቀን 1876 መሻሩ። ቀጥሎ ጥያቄው በአንድ ዐረፍተ ነገር፦ ዳኛ ሁኔታዎች ስለተለወጡ ብቻ ውል ማሻሻል ይችላል?
ክፍል አንድ፣ የውሉ ጽናት። ሀ) ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው፣ የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር ሕግ የድሮው አንቀጽ 1134። ለ) ዳኛ ጊዜንና ርትዕን ሰበብ አድርጎ አይነካውም።
ክፍል ሁለት፣ የፍርዱ ዕጣ። ሀ) ግትርነቱ ያስነሣው ትችት። ለ) የዚሁ ሕግ የ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) ማሻሻያ፣ አንቀጽ 1195።
መደምደሚያ አያስፈልግም።

አንባቢ፦
እኔም የምለው ይኼንኑ ነው፣ ሁለት በሁለት።

ትዕግሥት ያጣች፦
ተባረኪ! 1195 የድሮ ውሎችንም ይነካል?

ከሊዮን፦
አይነካም። ከኦክቶበር 1 ቀን 2016 ጀምሮ ለተደረጉ ውሎች ነው። የተጎዳው ወገን መጀመሪያ እንደገና እንደራደር ይላል። ካልተግባቡ ነገሩ ዳኛው ጋ ይሄዳል፤ ማሻሻልም ማፍረስም ይችላል። ርዕሶችሽ ውስጥ ደግሞ የተረባ ግስ አታስገቢ፣ ነጥብ ያስቀንሳል።

የሞንክተኑ፦
አስረከብሽ እንዴ?