አይጦች ጫጩቶቼን ጨረሱብኝ፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች። ቢሾፍቱ ነው የምኖረው፤ ጓሮዬ ውስጥ 12 የሐበሻ ዶሮዎች አሉኝ። ከክረምት ወዲህ አይጥ መከራዬን አሳይቶኛል። መጀመሪያ መኖ ብቻ ነበር የሚሰርቁት። ቀጥሎ እንቁላል። ባለፈው ሳምንት ግን በአንድ ሌሊት 4 ጫጩት ወሰዱብኝ። ጠዋት እናትየዋን ጥግ ላይ ቆማ ስትጣራ ሳያት አለቀስኩ።

ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። መኖውን ማታ ማታ ክዳን ባለው በርሜል አስቀምጣለሁ። ጉድጓዳቸውን በድንጋይና በሲሚንቶ ደፈንኩ፤ በማግስቱ አጠገቡ ሌላ ቆፈሩ። የዶሮ ቤቱ ወለል አፈር ስለሆነ ከስር ነው የሚመጡት። ስስ የሆነውን የዶሮ ሽቦም በጥርሳቸው በጥሰውታል። ወጥመዱ 2 ያዘልኝ፣ ከዚያ ወዲያ ዞር ብለውም አያዩትም። ጎረቤቴ መርዝ አድርጊ ትለኛለች። እኔ ግን ፈራሁ። ዶሮ የሞተ አይጥ ካገኘች ትበላለች፤ የሰፈሩ ድመትም፣ ልጆችም አሉ።

አሁን ያሰብኩት ወለሉን ሲሚንቶ ማስደረግ ወይም ቤቱን ከመሬት ከፍ አድርጎ በእግር ማቆም ነው። ሁለቱንም ለማድረግ አቅም የለኝም። የሞከራችሁ ካላችሁ የትኛው ይሻላል? ቀዳዳው ጠባብ የሆነ ጠንካራ ሽቦ ዙሪያውን መቅበርስ ያዋጣል? ምን ያህል ጥልቀት? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፤ የተረፉት 7 ጫጩቶች መኝታ ቤቴ ካርቶን ውስጥ ናቸው።