ኪቶ ላይ አንድ ቀን፣ ከጉልበት ሕመምተኛ እናት ጋር

የፊታችን ቅዳሜ በኢኳዶር ዋና ከተማ በኪቶ ከእናቴ ጋር የምናሳልፈው አንድ ቀን ብቻ ነው። የሙሉ ቀን ጉብኝት ይዘን ግማሹን ሂሳብ ከፍያለሁ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በአሮጌው ከተማ ካለው ዋና አደባባይ፣ ከፕላዛ ግራንዴ፣ ተነሥቶ ውስጡ በወርቅ የተለበጠውን ላ ኮምፓኒያ ቤተ ክርስቲያንንና የሳን ፍራንሲስኮ ገዳምን በእግር ያሳያል። ፓኔሲዮ ኮረብታና የምድር ወገብ ሐውልት በመኪና ስለሆኑ አያሳስቡኝም። (ሐውልቱ የቆመው ከእውነተኛው መስመር 240 ሜትር ያህል ርቆ ነው፤ ለእናቴ ግን አልነገርኳትም።)

እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ያደገችው ደብረ ብርሃን ስለሆነ የኪቶ 2,850 ሜትር ከፍታ ብርቋ አይደለም። ችግሩ ጉልበቷ ነው። ባለፈው ሳምንት ፔሩ ውስጥ፣ ኩስኮ ከተማ ላይ፣ ሽቅብ በሚወጣ የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ጥቂት እንደሄድን ዘንጓን ግድግዳ አስደግፋ አንድ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለች። «አንተ ሂድና አይተህ ንገረኝ» አለችኝ።

አስጎብኚውን መንገዱን እንዲያሳጥርልን ለመንኩት፤ ቡድኑ 14 ሰው ስለሆነ አይቀየርም አለኝ። ለብቻችን ሰው ልቅጠር ብል ዋጋው እጥፍ ሆነ። ጠዋቱን እንዝለለው እንዳልል ደግሞ፣ አሮጌው ከተማ ከላሊበላ ጋር በአንድ ዓመት፣ በ1978 እ.ኤ.አ.፣ በዓለም ቅርስነት መመዝገቡን ከሰማች ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም።

በእግራችሁ የሄዳችሁበት ካላችሁ፣ ከፕላዛ ግራንዴ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ ያለው መንገድ በዘንግ ለምትሄድ ሴት ይሆናል ወይስ ታክሲ ይዘን በየቦታው ቡድኑን ቀድመን እንጠብቅ?